ስክሪኑ ላይ ምንም ብቅ እንዳይል

እኔ ወርቁ፣ የአንድ ሰፈር አዛን አስቀርቼ አውቃለሁ። ተሳድቤ ወይም ተጣልቼ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒዩተር ስጠግን ነው። ታሪኩን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሁሌም ሳቁን እተዋለሁ። ለምን እንደሆነ እናንተም ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

ካርቱም ነው። ሱዳኖች መሪያቸውን አውርደው፣ ቀጥሎ ማን ይምራ በሚለው የተፋጠጡበት ክረምት ነበር። ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተዘግቷል። እኔና ሀብታሙ ካላክላ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሀብታሙ የአገሬ ልጅ ነው፤ መተማን አብረን ነው የተሻገርነው። ዐማራት በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር ቪላ የሚያሠራ ሰው ጋ ብሎኬት እንሸከም ነበር፤ በግርግሩ ሥራው ቆመ። ለነገሩ ሐሳባችን ሱዳን አልነበረም። ሐሳባችን ሊቢያ ነበር። ከደላላ ጋር ተስማምተን፣ ቀን ተቆረጠ እስክንባል እየጠበቅን ነበር።

እኔ አገር ቤት ሳለሁ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ አምስት ወር ኮምፒዩተር ተምሬ ነው ያቋረጥኩት። በሀብታሙ አፍ ግን አምስቱ ወር አምስት ዓመት ሆኗል። አንድ ቀን ሰፈራችን ካለው የጌም ቤት ደጅ ቆመን ጨዋታ ስናይ፣ አንዱ ኮምፒዩተር አልነሳ አለ። ሀብታሙ እጄን ይዞ ወደ ላይ አነሳውና "ይሄ ሙሃንዲስ ነው!" አለ። ምን ላድርግ? ገባሁ። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ተነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካላክላ ውስጥ ስሜ ሙሃንዲስ ሆኖ ቀረ።

የጌም ቤቱ ባለቤት ዐም ኢድሪስ ይባላሉ፤ "ዐም" ሱዳኖች እንደኛ "ጋሼ" የሚሉበት ነው። ረጅም፣ ነጭ ጀለቢያ ለባሽ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ገዳሪፍ ከሐበሻ ጎረቤት ጋር ስላደጉ አማርኛ ይችላሉ። ስምንት ኮምፒዩተር አላቸው። ኢንተርኔት ሲዘጋ የተረፈላቸው ሥራ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የኳስ ጌም ብቻ ነበር።

የኔ ሙሃንዲስነት ሁለት ደረጃ ነበረው። የመጀመሪያው ነቅሎ መሰካት፣ ሁለተኛው አጥፍቶ ማብራት። ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ ኢንተርኔትን ነበር የምጠይቀው። እሱ ሲዘጋ የኔም ሙያ አብሮ ተዘግቶ ነበር፤ ይህን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ሰፈሩ ያን ሰሞን ሐዘን ላይ ነበር። በግርግሩ የተገደሉ ልጆቻቸውን የቀበሩ ቤቶች ነበሩ። የሰፈሩ ወጣቶች ተሰብስበው "ትንሽ እንኳ እንሳቅ" ብለው የኳስ ጌም ውድድር አዘጋጁ። በየማጣሪያው ሰው ተንጠባጥቦ ሐሙስ ዕለት ውድድሩ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ቦታው ሦስት ቁጥር ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ዐም ኢድሪስ ከቤታቸው ትልቅ ቴሌቪዥን አምጥተው ከሱ ጋር አያይዘውታል። የኛን ሰው የወከለው ፀጉር አስተካካዩ ፍጹም ነው፤ በጆይስቲክ ይጫወታል። ሌላው ርክሻ፣ የኛን ባጃጅ፣ የሚነዳው ሙጃሂድ ነው፤ ደህና ጆይስቲክ አንድ ብቻ ስለነበረች እሱ በኪቦርድ ይጫወታል። ሁለቱም የየራሳቸውን ተጋጣሚ ማሸነፍ ነበረባቸው።

አሸነፉ። ግን እንዴት አድርገው! ጨዋታው ስክሪኑን ሞልቶ መታየት ሲገባው፣ ታስክባር የሚሉት ከግርጌ የሚጋደም መስመር አልነሳም ብሎ የሜዳውን ታችኛ ክፍል ሸፈነው። ሙጃሂድ ብቻውን ከበረኛ ጋር ተገናኝቶ መሮጫዋን ቁልፍ፣ ሺፍትን፣ ደጋግሞ ሲጫን፣ አንዲት ሳጥን ዘላ ፊቱ ቆመችና የሆነ ነገር ትፈልግ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ኳሷን በረኛው ወሰዳት። ቀጥሎ ከጥግ ሌላ ማስታወቂያ ብቅ አለ፦ ኢንተርኔት የለም ይላል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ "ያ ሰላም! ወላሂ ባትነግረን አናውቅም ነበር!" ብሎ ጮኸ።

ቀጣዩ የራሴ ጥፋት ነበር። ጾምና በዓል እንዳይጠፋብኝ የኢትዮጵያን የዘመን መቁጠሪያ ከፍላሽ ላይ ሦስት ቁጥር ኮምፒዩተር ላይ ጭኜ ነበር። ፍጹም የቅጣት ምት ሊመታ ሲያነጣጥር መስቀል ያለበት ሳጥን መጣና "ጾመ ሐዋርያት ነው" አለው። ፍጹም ደንግጦ ጆይስቲኩን ለቀቀና አማተበ። ኳሷ አጥር ጥሳ ሄደች።

በመጨረሻ አረንጓዴዋ ሳጥን መጣች። ይቺ ዐም ኢድሪስ የጫኗት የሶላት ሰዓት ማስታወሻ ናት። ስትመጣ የአዛን ድምፅ ታሰማለች። ማን ደፍሮ ይዝጋት? ሱዳኖቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ጨዋታው ግን አልቆመም። የፍጹም ተጋጣሚ እጁን ስላነሳ ጎሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፍጹምም የሰው እምነት ደፍሮ ጎል ማግባት ነውር ሆነበትና፣ ሳጥኗ እስክትጠፋ ኳሷን ከራሱ በረኛ ጋር ሲቀባበል ቆየ። ዐም ኢድሪስ እንደ ልማዳቸው "መጣሁ" ብለው ወጡ። ሊሰግዱ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ሲመለሱ ጠሩኝ።

"ሹፍ፣ እይ፣ ያ ሙሃንዲስ። ነገ ከጁምዓ በኋላ ፍጻሜ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ብቅ ካለ እኔ አላውቅህም፣ አንተም አታውቀኝም።"

"ምንም ካላለስ ዐም ኢድሪስ?"

"ምንም ካላለ ከቅዳሜ ጀምሮ ይህን ቤት አንተ ትይዛለህ። ከጀርባ ያለችው ክፍልም ያንተ ናት። እኔ ሸምግያለሁ፣ ደክሞኛል።"

በደስታ እየተንሳፈፍኩ ቤት ስገባ ሀብታሙ ሻንጣውን እያሰረ አገኘሁት።

"ደላላው መጥቶ ነበር" አለኝ። "ነገ ነው። መኪናዋ ከገበያው ጀርባ ትቆማለች። ዐስር አዛን ሲባል ትነሳለች። ስልክ አልደውልም፣ ሰውም አልጠብቅም ብሏል።"

ዐስር የሱዳኖች የከሰዓት ሶላት ነው፤ በኛ ሰዓት ዘጠኝ ተኩል አልፎ ይባላል። ወሬዬን ነገርኩት። ሀብታሙ ሻንጣውን አስሮ ጨረሰ።

"እንግዲህ ሻንጣህን ይዘህ ና" አለኝ በኋላ። "ስክሪኑ ላይ ነገር ብቅ ካለ ሰውየው ያባርሩሃል፣ ከዚያው እንሄዳለን።"

"ካላለስ?"

"አንተን ትቼ መሄድ አልፈልግም ወርቄ። ግን ላንተ ብዬም አልቀርም። አዛን ሲባል ሁለታችንም እናውቀዋለን።"

ዓርብ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ተቀብዬ ሦስት ቁጥር ፊት ብቻዬን ተቀመጥኩ። የምጠይቀው ሰው የለም፣ የምጠይቀው ኢንተርኔት የለም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚለውን ማንበብ ጀመርኩ።

ሺፍትን አምስት ጊዜ ተጫንኳት፤ ያቺ ሳጥን ዘላ መጣች። ሁሌም በንዴት የምንዘጋትን ሳጥን አነበብኳት። ከታች "እንዳልመጣብህ ከፈለግክ እዚህ ጋ" የምትል መስመር ነበረቻት። ሌባው ራሱ ቤቱን መርቶ አሳየኝ! አጠፋኋት። ቀጥሎ ኪቦርዱ ላይ ሦስት ቋንቋ ተጭኖ አገኘሁ፤ የሙጃሂድ ጣት ሲሳሳት ቋንቋው እየተቀየረ ተጫዋቾቹ ይደነዝዙ ነበር። ዐረብኛንም አማርኛንም አሰናብቼ እንግሊዝኛን ብቻ አስቀረሁ።

ታስክባሩ ግን አስቸገረኝ። ደብቀው ስለው ይደበቃል፤ የሆነ ነገር ሲጠራው ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትኩና አንዱን መርጬ ጨርስ አልኩት። ታስክባሩ ጠፋ። ከሱ ጋር ሥዕሎቹም፣ ማውጫዎቹም፣ ሁሉም ጠፋ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ሻንጣዬን አየሁት፤ በቃ፣ ሊቢያ ገባሁ አልኩ። ከዚያ እጄ ለብቻው ሄዶ ያን ዝርዝር የሚያመጡትን ቁልፎች ተጫነ። ዝርዝሩ ተመልሶ መጣ! ከላዩ ፕሮግራም በስሙ የምትጠራበት ቦታ አለው። የጌሙን ስም ጻፍኩ። ጨዋታው ከጥግ እስከ ጥግ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ። ታስክባር የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ሰዓት የለ፣ ምንም የለ። የገደልኩት ያን ሁሉ ተሸክሞ የኖረውን ነበር። ብቻዬን እልል አልኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ድል ሰውን ያሳብዳል። አገሩ ሁሉ "ተስጉት በስ"፣ ትውደቅ በቃ፣ ሲል ነው የከረመው፤ እኔም ተራዬ ደረሰ። ወደ ዝርዝሩ ተመልሼ ስሙን የማላውቀውን ሁሉ ጨርስ፣ ጨርስ፣ ጨርስ እያልኩ አወረድኩት። የራሴን ዘመን መቁጠሪያ እንኳ አልማርኩም። ዕለቱ ሃያ አንድ ነበር፤ ማርያም ይቅር በይኝ ብዬ ነው የገደልኳት።

ከሰዓት አርባ የሚሆን ሰው መጣ። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ ጄኔሬተሩ መስኮቱ ሥር እያጓራ ነው። መስኮቶቹን ዘጋሁ። ስልክ እንዳይጮህ ብዬ በር ላይ ሳፋ ይዤ ቆምኩና የሁሉንም ስልክ አጥፍቼ ሰበሰብኩ። ሻይ የምትሸጠውን ሴትዮ እንኳ "ማፊ ሻይ፣ ዛሬ የለም" ብዬ መለስኳት። የግድግዳው ሰዓት ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ሀብታሙ ሻንጣውን በእግሮቹ መካከል ይዞ ከፊት ተቀመጠ፤ የኔ ሻንጣ ከጠረጴዛው ሥር ነው።

"አዛን ሲባል ንገረኝ" አለኝ።

"እሺ።"

ፍጻሜው የሦስት ጨዋታ ነበር። የመጀመሪያውን ሙጃሂድ አሸነፈ። ሁለተኛውን ፍጹም። እኔ ጨዋታውን አላየሁም፤ የማየው የስክሪኑን አራት ጥጎች ነበር። ሙጃሂድ ሺፍትን ሲደበድባት ልቤ አብሮ ይመታል፤ ምንም አይመጣም። ሙጃሂድ ዞሮ አይቶኝ "ሙሃንዲስ ወላሂ!" አለኝ። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። ሦስተኛው ጨዋታ እኩል ለእኩል ሆነ። ዐም ኢድሪስ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል፣ ወንበር ላይ ቆመዋል፣ አንዴ ሙጃሂድን አንዴ ፍጹምን ይሰድባሉ። ሀብታሙ ሻንጣውን ረስቶት የማያውቀውን ሱዳናዊ አንገት አቅፏል። ተጨማሪ ሰዓትም አለቀ፤ ወደ መለያ ምት ተሄደ። አራት ለአራት። ሙጃሂድ አምስተኛውን ሳተ። ፍጹም ካገባ አለቀ።

ፍጹም ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መዳፉን ጠረገ። ስክሪኑ ንጹሕ ነው። ሥራዬን አገኘሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በዚህ ጊዜ በሩ ተደበደበ።

ፍጹም ዘለለ። ኳሷ ከጎሉ በላይ ወደ ሰማይ ሄደች። በሩ ተበረገደና ሦስት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ገቡ። ፊተኛው በትሩን እያወዛወዘ "ወይን አል ሙአዚን?" አለ። አዛን የሚለው ሰውዬ የት ነው ማለቱ ነው። ሌላው ጨመረበት፦ የሌላው ሰፈር መስጊድ ጠርቶ፣ ሰግዶ፣ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ የኛ ጸጥ ብሏል፤ ሰውዬው ሞተ ብለን ቤቱ ሄደን ሚስቱን አስደነገጥናት!

አርባውም ሰው ዞሮ ወንበር ላይ የቆሙትን ዐም ኢድሪስን አየ።

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በየቀኑ ከድምፅ ማጉያው የምሰማው ድምፅ የሳቸው ነበር። አረንጓዴዋ ሳጥን ብቅ ስትል "መጣሁ" ብለው የሚወጡት ሊሰግዱ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን ሊጠሩ ነበር። ዐም ኢድሪስ ቀስ ብለው ንጹሑን ስክሪን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"አረንጓዴዋስ?" አሉኝ።

"ገድያታለሁ" አልኳቸው።

ከወንበሩ ወርደው ጀለቢያቸውን ሰብስበው ሮጡ። አንድ እግር ጫማቸው ከኛ ጋር ቀረ። አንዱ ጄኔሬተሩን አጠፋው። መብራት ስለሌለ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ጥቂት ቆይቶ ትንፋሽ ያጠረው የሽማግሌ ድምፅ ብቻውን ከመስጊዱ ተሰማ። በየመሐሉ ያርፋል። ማንም አልሳቀም። ሙጃሂድ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፤ በሐዘን ይሁን በሳቅ እስካሁን አላውቅም።

ሀብታሙ ግን እንደ ተነከሰ ሰው ተነሳ። "አዛን!"

ሻንጣችንን ይዘን በረርን። ከገበያው ጀርባ ስንደርስ ባዶ ነው። ሐብሐብ የሚሸጠው ሰውዬ መኪናዋ ከሄደች አንድ ሰዓት ሆናት አለን። እኛ የሰፈራችንን አዛን ስንጠብቅ፣ እሷ በሌላው ሰፈር አዛን ሄዳለች። ሀብታሙ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ።

"የኮምፒዩተር ሙሃንዲስ!" አለኝ። "አንድ ዓመት የለፋሁበትን ነገር ለጨዋታ ብለህ አጠፋህብኝ!" ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈኝ። ልክ ነበር።

እኔም ሁለቱንም አጣሁ ብዬ እየተጎተትኩ ጫማቸውን ልመልስላቸው ሄድኩ። ዐም ኢድሪስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ስክሪኑ ላይ ምን ብቅ አለ?"

"ምንም።"

"እኔስ ምን ብዬ ነበር?"

"ምንም ካላለ..."

"ኸላስ፣ በቃ። ቃል ቃል ነው። በሩ ስክሪን አይደለም።" ጫማቸውን አጠለቁ። "ግን አረንጓዴዋን መልስ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጭንቅላቴ አልቋል። እሷ ካልጠራችኝ እኔ ሰው አልጠራም።"

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ እሷን መመለስ ሆነ። የፍጹም ምት በሽማግሌዎቹ ፍርድ ተደገመ፤ ዳግመኛም ሳተ፤ ቀጥሎ በተመታው ሙጃሂድ አሸነፈ፤ የኛ ሰው እስከ ዛሬ "በሩ ነው" እያለ ይከራከራል።

ኢንተርኔት የተከፈተው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሁላችንም የተጠራቀመ መልእክት እየከፈትን ሳለ ሀብታሙ ስልኩን ይዞ ጌም ቤት መጣ። ካኮረፈኝ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተነፈሰልኝም ነበር። በዚያች መኪና የሄዱ ሁለት የምናውቃቸው ልጆች ነበሩ። መኪናዋ በረሃ ላይ ተሰብራ ቀናት ቆማለች። አንደኛው ተርፎ ነው የጻፈው። ስለ ሁለተኛው የጻፈው ነገር አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ሀብታሙ ስልኩን ኪሱ ከተተና ከጎኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ። እንደዚያ እንዳለ የቤቱ ሁለተኛ ሠራተኛ ሆነ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ትልቅ ትምህርት ጨምቄ ልሰጣችሁ አልችልም። አንድ አዛን መቅረቱ አተረፈን ብዬ እንዳልናገር፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ያስቀረሁትም በስህተት ነው። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ያን ጊዜ እኔና ሀብታሙ ሊቢያ የምትባል ነገር ዓይናችንን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልታው፣ ሰዓት የማናይ፣ ማስታወሻ የማንሰማ ሰዎች ነበርን። ዛሬ ሙያዬ ይኸው ኮምፒዩተር ነው። ሰው መጥቶ "ይሄን ብቅ ብቅ የሚለውን ሁሉ አጥፋልኝ" ሲለኝ አጠፋለታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ በአንድ አነብለትና "ይቺንስ? ይቺ አታስፈልግህም?" እለዋለሁ። ደንበኞቼ ነገር የምጎትት ይመስላቸዋል።

ካርቱም በቆየንበት ዘመን ሁሉ ከሰዓት አረንጓዴዋ ሳጥን ብቅ ስትል ቀድሞ የሚነሳው ሀብታሙ ነበር። ጨዋታው የቱንም ያህል ቢጦፍ ሄዶ ጄኔሬተሩን ያጠፋል። ልጆቹ ይጮኹበታል። እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ የዐም ኢድሪስ ድምፅ እስኪመጣ ጠብቆ፣ ወደ እኔ ዞሮ በየቀኑ አንድ ነገር ይላል፦

"መኪናዋ ዛሬም አመለጠችን፤ ተመስገን።"